ያጠፋሁት እኔ ነኝ

አበባውን መጀመሪያ ያዩት ሰሊጥ ሊያበጥሩ የመጡ ሴቶች ናቸው። እንደ ወትሮው የመጋዘኑን የቆርቆሮ በር ቢደበድቡ፣ “ጋሼ አበባው” እያሉ ቢጣሩ የሚከፍትላቸው ጠፋ። አንዷ በቀዳዳው አጮልቃ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ዘበኛ ካሜራው ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። አናቱን የፈነከተው የጎማ መፍቻ ብረት እዚያው አጠገቡ ነበር፤ የገደለው ሰው ብረቱን ለመደበቅ እንኳ አልተጨነቀም።

ዋና ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ ስትደርስ ግቢው ግጥም ብሎ ሞልቷል። የሸሕዲ ሰው ሬሳ በተገኘ ጊዜ ከፖሊስ ይቀድማል፤ ቀድሞም ዱካውን ሁሉ ይረግጥላታል። ሳጅን አለልኝ “እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ወደ ኋላ በሉ” እያለ ሲለማመጥ አየችውና ራስ ምታቷ ባሰ። ኅዳር ገብቶ የሰሊጥ አጨዳው ተጧጡፏል፤ ከተማዋ ከጎጃምና ከወሎ በወረደ የቀን ሠራተኛ ተጨናንቃለች፤ እሷም ደህና እንቅልፍ ከተኛች ሰንብታለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያልተዘጋ ሌላ ፋይል አለ። በሽንፋ መንገድ ዳር ተገጭቶ የተገኘ፣ በአለባበሱ የወሎ ልጅ ሳይሆን አይቀርም የተባለ፣ ስሙ ሳይታወቅ የተቀበረ አጫጅ። ገጭቶት ያመለጠው መኪና የተወላት ነገር ቢኖር የተሰባበረ የፊት መብራት ብቻ ነው፤ ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥራ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ሬሳው ተሸፍኖ እስኪነሳ ድረስ ባንቺአየሁ ግቢውን ዞረችው። ዐይኗን የያዘው የዘበኛው ወንበር ነበር። ከትልቁ የኒም ዛፍ ሥር፣ ጥላው ላይ፣ የወንበሩ እግሮች ለዓመታት የጎደጎዷቸው ጉድጓዶች ይታያሉ። ወንበሩ ግን እዚያ የለም። ግቢውን አቋርጦ መጥቶ ካሜራው ሥር፣ ገላጣው ላይ ተቀምጧል።

“በዚህ ሀሩር ማን እዚህ ይቀመጣል?” አለች።

“ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሆናላ” አለ አለልኝ። “ሐኪሙም ማታ ነው የተመታው ብሏል፤ ጨለምለም ሲል።”

“ማታስ ቢሆን፣ ከለመደበት ምን አስነሳው? ደግሞስ ካሜራ ዐይን ሥር ሰው የሚገድል ምን ዓይነት ደፋር ነው?”

አለልኝ ቀና ብሎ ካሜራውን አየው። ካሜራውም ቁልቁል የሚያያቸው ይመስላል።

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ለይኩን የደረሰው ያኔ ነው። ባለሀብቱ ጎንደር ስለሚኖሩ የዚህ ግቢ ጌታ እሱ ነበር። አበባው ጠዋት ጠዋት ከሚያጥብለት ፒክአፕ ወርዶ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ከመተማ ዮሐንስ በሚኒባስ ታጭቆ፣ ሱሪው አቧራ ጠጥቶ መጣ። “መኪናዋ ሞተሯ አስቸግሮኝ እዚያው ትቻት ነው” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ሬሳው ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ አልቅሶም ሴቶቹን አስለቀሳቸው።

“ካሜራው አለን፣ ኢንስፔክተር” አለ በመጨረሻ፣ ዐይኑን እየጠረገ። “የገደላቸውን ዛሬውኑ አወጣልዎታለሁ።”

*

ከምሳ በኋላ ቢሮዋ መጣ፤ ገዳዩን ግን አላመጣም። ይዞ የመጣው አንድ ወረቀት ነው።

“የትናንት ማታው ቀረጻ የለም” አለ። “የኛ ካሜራ እዚህ አይደለም የሚያስቀምጠው። በኢንተርኔት ሄዶ ክላውድ ላይ፣ ውጭ አገር ከተከራየነው ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱን የምታስተዳድረው ወንጌል ናት። ማን ምን እንዳዘዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል። ይኸው፣ ያንብቡት።”

ባንቺአየሁ እንግሊዝኛው ብዙም አልገባትም። የወንጌልን ስም፣ የትናንቱን ቀን፣ ከጎኑም 12 የሚለውን ሰዓት ግን አነበበች።

“አሥራ ሁለት ሰዓት” አለች።

“አሥራ ሁለት ሰዓት። ሊመሽ ሲል የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር ለወጠችው፤ ካሜራዎቹ በሙሉ ታወሩ። ጋሼ አበባው ከዚያ በኋላ ሞቱ። እኔ ሰው አልከስም፤ የሆነውን ነው የምነግርዎት።”

“እርስዎ የት ነበሩ?”

“መተማ ዮሐንስ፣ ሆቴል። እዚያው አደርኩ።” ጉሮሮውን ጠረገ። “አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልኬ ግቢውን ከፍቼ አይቼ ነበር፤ አመሌ ነው። ጋሼ አበባው ከኒሙ ሥር ቁጭ ብለዋል። ያ ሾፌር፣ ሙሐመድጣሂር፣ ፊታቸው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ምነው ያኔ ደውዬ ቢሆን።”

“ወንጌልና ሾፌሩ ይተዋወቃሉ?”

“ሻይ አብረው ሲጠጡ አይቻለሁ። ሻይ መጠጣት ግን ወንጀል አይደለም” አለና አንገቱን ደፋ።

ሳጅን አለልኝ ሁለቱንም ለማምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ሙሐመድጣሂርን ከሻይ ቤት፣ ወንጌልን ከለቅሶው ድንኳን አመጣቸው። ከወንጌል ጋር ጥቂት ቆየና ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

“አመነች” አለ።

“ምን ብላ?”

“ገና ‘አንቺ ነሽ ወይ?’ ስላት ‘ያጠፋሁት እኔ ነኝ’ አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ቃሏን ጽፌ አስፈርሜያታለሁ።”

ባንቺአየሁ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደስ አላላትም። ወንጌልን ታውቃታለች፤ የከተማዋ ልጅ ናት፣ ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት ትምህርት ቤት ይዟት የሚሄደው ጎረቤቷ አበባው ነበር። ልጅ አባት የሆናትን ሰው የምታስገድልበት ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል?

አዛዡ ግን ምክንያት አልቸገረውም። “ያመነች ልጅ አለች፣ የተጣላ ሾፌር አለ፣ ወረቀት አለ” አለ በስልክ። “ነገ ሁለቱንም ወደ ጎንደር ላኪያቸው። ከተማው ‘የሱዳኑ ሰው ገደለው’ እያለ ሊነሳ ነው፤ የሾፌሩን መኪና መስታወት አርግፈውታል። ከነገ በኋላ እዚህ ከቆየ ለሚመጣው እኔ የለሁበትም።”

ስልኩ ተዘጋ። ጎንደር ከሄዱ ወዲያ ፋይሉ የሷ አይደለም፤ የተፈረመ የእምነት ቃል ያየ ማንም ሰው ደግሞ እንደገና አይጠይቅም። ልጅቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር እድሜዋን ልትጨርስ ነው።

*

ሙሐመድጣሂር ትውልዱ መተማ ነው፤ እናቱ ከድንበሩ ማዶ የገላባት ሰው ስለሆነች ብቻ ሰዉ “ሱዳኑ” ይለዋል። ወንበር ሲሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

“ከአበባው ጋር ተጣልተሃል?”

“ተጣልቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ትናንት አይደለም ወላሂ፣ ከትናንት ወዲያ ነው።”

“በምን?”

“በዕቃ።”

“በምን ዕቃ?”

ሾፌሩ ጣራውን ማየት ጀመረ።

“ትናንት ማታስ የት ነበርክ?”

“መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ።”

“ያየህ ሰው አለ?”

“የተኛ ሰው ማን ያያል፣ ኢንስፔክተር?”

አለልኝ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን ሰበቀ፤ ይኸው እኮ ማለቱ ነው። እውነትም ዝምታው አስቀያሚ ነበር። ባንቺአየሁ ለትንሽ ጊዜ አዛዡ ሳይሆን አይቀርም ልክ የሆነው ብላ አሰበች።

*

ወንጌል የታሰረችው በዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ነው። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የቀረበላት ዳቦ አልተነካም። ባንቺአየሁ በሩን ዘግታ አጠገቧ፣ እንደሷው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

“ምንድን ነው ያጠፋሽው?” አለቻት።

ልጅቷ ቀና አለች። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

“ካሜራውን” አለች።

“ሆን ብለሽ?”

“ሆን ብዬ?” ድምጿ ተሰበረ። “ጋሼ አበባውን? አቶ ለይኩን ናቸው የአብደራፊው መጋዘን ሚዛንም ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝ ብለው ያዘዙኝ። ሰርቨሩ፣ ያ ውጭ አገር ያለው ኮምፒውተር፣ እዚህ በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም፤ የኔትወርክ ካርዱም ቨርቹዋል ነው፣ ብሎን ፈትተው የሚያወጡት አይደለም። በጽሑፍ ነው የምናዘው። ግን የሚገባውም የሚወጣውም በሱ ነው። እንደ ኬላ ይቁጠሩት። እነማን ይለፉ የሚል የፈቃድ ቡድን ይለጠፍበታል። የሸሕዲ ካሜራዎች የሚያልፉበት ቡድን ተለጥፎ ነበር። እኔ የአብደራፊውን ልጨምርበት ብዬ ቅንብሩን አድስ የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ።”

“ታዲያ መጨመር ምን ነውር አለው?”

“አይጨምርማ። ይተካል። የጠሩለትን ብቻ ይይዝና የነበረውን ያባርራል። ሸሕዲንም አብሬ መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁትም።” በመዳፏ ግንባሯን መታች። “ይጠይቃል እኮ። ‘የነበረው በሙሉ ይተካል፣ ይቀጥል ወይ?’ ብሎ ይጠይቃል። እኔ እንዳይጠይቀኝ ‘በግድ ቀጥል’ የምትለዋን ቃል መጨረሻው ላይ አከልኩበት። ነጋዴ ባሕር የሚኖሩት የእናቴ አክስት አርፈው፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ‘ፍጠኚ፣ መኪናው ሊሄድብን ነው’ እያለችኝ።”

“ሄዳችሁ?”

“ሄድን፣ ሳይመሽ ደረስን፣ እዚያው አደርን። ጠዋት ነው የሰማሁት።”

ባንቺአየሁ ቅንድቧን ሰበሰበች። “ታዲያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት ሆነሽ እንዴት ኮምፒውተሩን አዘዝሽው?”

“አሥራ ሁለት?”

“ወረቀቱ 12 ይላል።”

ወንጌል ትንሽ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ገባት። “እሱ የኛ አሥራ ሁለት አይደለም። ሰርቨሩ የሚጽፈው በለንደን ሰዓት ነው። እነሱ እኩለ ቀን ሲሆኑ እኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነን። የሠራሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ አናት እየበሳች።”

ውጭ አንድ ትራክተር እያጓራ አለፈ።

“ለምን ለሳጅኑ አልነገርሽውም?”

“ማን ጠየቀኝ? ‘ካሜራው ሥር ሞቱ’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልተሰማኝም።” እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። “ጠዋት ጠዋት ካሜራው ሥር ይቆሙና እጃቸውን አንሥተው ‘ታየሁሽ?’ ይሉኛል። እኔ ቢሮ ውስጥ ስክሪኑ ፊት ሆኜ በመስኮቱ ‘ታይተውኛል ጋሼ’ እላቸዋለሁ። ጨዋታችን ነበር። በቀደም ጨዋታ ሳይመስሉ ‘ከዚህ ግቢ በደንብ የሚታየው የቱ ጋ ነው?’ አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። ‘ካሜራው ሥር ነዋ፤ እዚያ እስካሉ ድረስ የሚነካዎት የለም’ አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኳቸው።”

ባንቺአየሁ ወንበሩ ለምን ካሜራው ሥር እንደተገኘ ገባት። የልጅቷን እጅ ያዘች።

“አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ” አለች በመጨረሻ። “ግቢውን በስልኩ የሚያይ ሰው በምን በኩል ነው የሚያየው?”

“በዚያው በሰርቨሩ። ሌላ መንገድ የለውም።”

“ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?”

“ከዘጠኝ በኋላ ማንም ምንም አያይም።”

*

የመጨረሻውን ቀረጻ መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ከፈቱት። ወንጌል በሁለት ፖሊስ ታጅባ መጥታ ስትከፍት ባንቺአየሁ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ምስሉ ጥግ ላይ ያው 12 ተጽፏል። ምስሉ ውስጥ ግን ምሽት አልነበረም። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ዐይን ያጠፋል፤ ጥላ የሚባል ያለው ከኒሙ ሥር ብቻ ነው፤ አበባውም እዚያ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል። ከዚያ ምስሉ ድንገት ጠፋ።

ከዚያ ወደ ሙሐመድጣሂር ተመለሰች።

“ዕቃው ምን እንደሆነ ንገረኝ። ኮንትሮባንድ ነው ብዬ አልይዝህም፤ ቃሌ ነው።”

ሾፌሩ ፊቷን አጠናና ትከሻው ወደቀ። “መብራት ነው። የመኪና የፊት መብራት። ለይኩን ለፒክአፑ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ አምጣልኝ ብሎኝ አመጣሁ፤ ያለ ቀረጥ ስለሆነ ነው የፈራሁት። በር ላይ ሽማግሌው አስቆሙኝ። ‘ይቺ መኪና መንግሥት እስኪያያት እንደተሰበረች ትቆያለች’ አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? የታዘዝኩትን ነው ብላቸው ነጠቁኝና ድንጋይ ላይ ከሰከሱት። ወላሂ ከሰከሱት። ያን ሁሉ መንገድ ታቅፌው መጥቼ! ሰደብኳቸው። አላህ ይማረኝ።”

ባንቺአየሁ ቢሮዋ ገብታ መሳቢያውን ሳበች፤ ፌስታሉን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስሙ ያልታወቀው የወሎ ልጅ ከዚህ የመስታወት ስብርባሪ ሌላ ምስክር አልነበረውም ብላ ታስብ ነበር። ሌላም ምስክር ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት መኪና የሚያጥብ ሽማግሌ።

“ሳጅን፣ ኮኪት ኬላ ደውል” አለች። “ትናንት ማምሻውን ከመተማ ዮሐንስ ወደዚህ ያለፈ ፒክአፕ ካለ ጠይቃቸው። የተለየ ነገር አይተውበት እንደሆነም ጠይቅ፤ ምን እንደሆነ ግን እንዳትነግራቸው።”

አለልኝ ደውሎ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

*

ለይኩን ሲጠራ በእርጋታ መጣ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ውሎ ድምፁ ሻክሯል።

“ነገ ሰዎቹን ጎንደር ልልካቸው ነው” አለችው። “ቃልዎን ላጣራ ብዬ ነው። በስልክዎ ያዩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው?”

“አዎ።”

“ምናልባት ቀደም ይል ይሆን? ስምንት? ዘጠኝ?”

“የለም፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። የሙሐመድጣሂር ጥላ ረዝሞ አጥሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ አሁንም ይታየኛል።”

“አበባው የት ነበር?”

“ከኒሙ ሥር አልኩ እኮ።”

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። አበባው በጠራራው ቀን፣ ከጥላው ሥር ያንቀላፋል። ምስሉ ጠፋ።

“የመጨረሻው ይህ ነው። 12 ይላል፤ አየኸው? የለንደን አሥራ ሁለት ነው። እኛ ጋ ዘጠኝ ሰዓት። ካሜራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከታወረ ቆይቷል፤ አንተ ግን የሰው ጥላ ሳይቀር አየህበት።”

ከ“እርስዎ” ወደ “አንተ” መውረዷን ለይኩን ሰማ። ከንፈሩን ላሰ።

“ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል።”

“ሰዓቱ ነው የተምታታብህ። እኔም ተምታቶብኝ ነበር፣ አልፈርድብህም። እኛ አገር 12 ያየ ሰው ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚታየው። ወረቀቱን አንብበህ ‘እስኪመሽ ድረስ ይሠራ ነበር’ አልክና ከመምሸቱ በፊት ያየኸው ነገር ፈጠርክ። ምነው ይህችን ቀረጻ ከፍተህ ባየሃት።”

ፌስታሉን ፈታችለት። መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

“መኪናህን መተማ ዮሐንስ፣ ያደርክበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ አገኘናት። ኬላው ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ትናንት ማምሻውን አንድ ዐይና ፒክአፕ ወደ ሸሕዲ ሲያልፍ፣ ከመሸም ወደ ኋላ ሲመለስ አይተዋል። ስቀውበታል እንኳ።”

ለይኩን አንዱን ስብርባሪ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ።

“ልጁ ከሰሊጡ ውስጥ ድንገት ነው የወጣው። አልጠጣሁም። በልጆቼ እምላለሁ አልጠጣሁም። ወርጄ አየሁት፣ ይተነፍስ ነበር። ፈራሁና ሄድኩ።” ዐይኑን ጨፈነ። “ሽማግሌው ጠዋት መኪናዋን ሲያጥብ የልጁን የፎጣ ክር መከላከያው ላይ አገኘ። ‘ወይ ራስህ ንገር፣ ወይ እኔ እነግራለሁ። እናት አለችው’ አለኝ። ልለምነው ነው የመጣሁት። ወንበሩን ይዞ ካሜራው ሥር ሄደና ‘በል እዚህ ተናገር፣ የሚያየን አለ’ አለኝ። የሚያየን አለ። የካሜራው የይለፍ ቃል እኔ ጋ ነው እኮ፤ የምሰርዘው እኔ ነኝ። ልሰርዘው ስገባ ራሱ ጠፍቶ አገኘሁት። ወንጌል የሚል ስም አየሁ። እግዜር ያዘነልኝ መሰለኝ።”

“ልጁ ሲተነፍስ ነበር የተውከው?” አለች ባንቺአየሁ። ሌላው ሁሉ ከአእምሮዋ ወጥቶ ነበር።

አለልኝ ለይኩንን በካቴና አስሮ ወሰደው።

ሳጅኑ ተመልሶ መጥቶ የወንጌልን ቃል የጻፈበትን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መጣልም ማስቀመጥም አቅቶታል።

“አለልኝ” አለችው፣ “ሰው ‘አጠፋሁ’ ሲልህ ‘ምኑን?’ በል። ሰው የሚያጠፋው ብዙ ነገር አለ።”

*

በማግሥቱ፣ አበባው ከተቀበረ በኋላ፣ ባንቺአየሁ ወንጌልን መጋዘኑ ድረስ አብራት ሄደች። ማንም አላዘዛትም፤ ልጅቷን ብቻዋን እዚያ ግቢ ልታስገባት አንጀቷ አልቻለም።

ወንጌል ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ባለው ጥቁር የትእዛዝ ገጽ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ ሸሕዲንም አብደራፊንም ጠራች። ‘በግድ ቀጥል’ የምትለዋን ቃል አላከለችም። ማሽኑ ጠየቃት፤ የነበረው በሙሉ ይተካል፣ ይቀጥል ወይ? ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቃል በቃል አነበበችውና አዎ አለችው።

ካሜራዎቹ አንድ በአንድ በሩ። የምሰሶው ካሜራ ሲበራ ባዶውን ወንበር አሳየ። ማንም ከዚያ አላነሳውም ነበር።

“ባንቺ አይደለም የሞተው” አለች ባንቺአየሁ። “ካሜራው ቢሠራም ያ ሰው ይሰርዘው ነበር። ስላጠፋሽው ነው የተያዘው፤ ባታጠፊው ሾፌሩ አሁን ጎንደር ታስሮ ነበር፣ የወሎው ልጅም የሚጠይቅለት አይኖርም ነበር። ይህን እወቂ።”

“አውቃለሁ” አለች ወንጌል። “ግን እርስዎ እንደነገሩኝ ጋሼ አበባው ‘የሚያየን አለ’ ብለዋል። እኔን ማለታቸው ነው። አላየኋቸውም።”

ባንቺአየሁ ወንበሩን ላነሳው ብላ ወጣች። አጠገቡ ስትደርስ ግን አላነሳችውም፤ ተቀመጠችበት። ፀሐይዋ አናቷን መታቻት። ቀና ብላ ስታይ ያለው ትንሽ ጥቁር መስታወትና ከጎኑ የምታበራ ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰው እምነቱን የጣለው እዚህ ላይ ነበር።

እጇን አነሣች።

“ታየሁሽ?” አለች፣ ድምፅዋን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ።

ባንቺአየሁ እጇን አላወረደችም።

“ታይተውኛል” አለች ወንጌል በመጨረሻ፤ ከዚያ ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ለቅሶዋ በመስኮቱ ወጣ።